አረንጓዴ ጨርቅ የታሰረበት ድስት

አራዳ እንዴት በፍቅር ይኖር እንደነበር ሲወራ መስማት አልወድም። ሰፈራችን ከፈረሰ ወዲህ በየለቅሶው፣ በየሰርጉ፣ በየታክሲው ወሬው እሱው ነው፤ እስላም ክርስቲያኑ ተዋዶ፣ ተሳስቦ፣ አንድ ገበታ ቀርቦ። ያንገሸግሸኛል። አንድ ገበታ ቀርበን አናውቅም። ሁለት ገበታ ነበረን፤ ሁለት ድስት፣ ሁለት ጭልፋ፣ ሁለት ቢላ። ፍቅር የሚባል ነገር ከነበረ ያ ሁለትነት ሳይነካ በመቆየቱ ነበር። እኔ ይኼን ያወቅኩት ካበላሸሁት በኋላ ነው።

የምንኖረው ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ከፍ ብሎ፣ ጣሊያን ሠራው በሚባል አንድ ትልቅ ቤት ውስጥ ነበር። ቤቱ ለአንድ ቤተሰብ ተሠርቶ ኋላ ለሰባት አባወራ ተሸንሽኗል። አንድ ቧንቧ፣ አንድ ሽንት ቤት፣ ከጓሮ ደግሞ አንድ የጋራ ማድ ቤት። እኔ ቸርችል ጎዳና ላይ አንድ የጽሕፈት መሣሪያ መሸጫ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ከባንኮኒ ኋላ ቆሜ ነው ጡረታ የወጣሁት። ምላሴ ስለት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ከእኔ አፍ የተረፈ ሰው በዚያ ግቢ አልነበረም፣ ባሌ ነፍሱን ይማረውና እሱም ጭምር።

ግድግዳ የምትጋራኝ ሴት ሙስሊም ናት፣ የስልጤ ልጅ። ባሏ ድልድዩ ጋ ጨርቃ ጨርቅ ይሸጥ ነበር። እኩያዬ ናት፤ ሁለታችንም በአንድ ዓመት ነው ለዚያ ግቢ ሙሽራ ሆነን የገባነው። እኔ ሥራ ስውል ሴት ልጄን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችልኝ እሷ ናት። ልጄ አፏን ስትፈታ እሷን "እማ" ብላ እኔን በስሜ ጠራችኝ። ስቄ አለፍኩት፣ ግን ማታ ለባሌ ስነግረው ትንሽ ቀናሁ።

ሕጋችን ማንም ያልጻፈው ሕግ ነው። እኛ ስንደግስ ለሙስሊም እንግዶች በግ ለብቻ ይገዛል፤ ባሏ ቢስሚላህ ብሎ ያርደዋል፣ በእሷ ድስት ይሠራል። ድስቱ ትልቅ ብረት ድስት ነው። ከሌላው እንዳይምታታ ከባሏ ሱቅ ብጣሽ አረንጓዴ ጨርቅ አምጥታ እጀታው ላይ አስራበታለች፤ ጨርቁ ሲያልቅ ሌላ ታስራለች። እሷ በዒድ ስትደግስ ደግሞ የእኛን ዶሮ ባሌ ባርኮ ያርድላታል፣ እሷ በሌላ ድስት ትሠራልናለች። ራሷ አትቀምሰውም። ጨው መብቃቱን የምትጠይቀው እኔን ጠርታ ነው። ሲቀርብ ግን በእጇ ጠቅልላ ታጎርሰኛለች፤ የማትበላውን ምግብ ለእኔ አፍ ታሳምረዋለች። ረቡዕና ዓርብ ማድ ቤቱ ውስጥ ሥጋ አታበስልም፣ ሽታው እንዳይፈትነን። ጾም መቼ እንደሚገባ ከገዛ ልጄ ይልቅ እሷ ታውቃለች።

ከግቢው በር አጠገብ ባለችው ክፍል ደግሞ አንዲት አስተማሪ ትኖር ነበር፣ ጴንጤ። ከእኔ ቢያንስ አሥር ዓመት ታንሳለች። ጠላ አትቀምስም፣ በዘፈን አትጨፍርም፣ ጸበል ስንጠጣ ፈቀቅ ትላለች። "አንቺማ መንግሥተ ሰማያት ወንበር አስይዘሻል" እያልኩ መቆሚያ መቀመጫ አሳጣታለሁ። ፈገግ ብላ ታልፈኛለች። ያ ፈገግታዋ ራሱ ያበሽቀኝ ነበር። ጠባብ ናት እል ነበር። እኔ ሰፊ ነኝ ባይ ነበርኩ፤ በየደረስኩበት "ሁላችንም የአዳም ልጆች ነን፣ የሥጋ ነገር ምንድን ነው?" እላለሁ፣ ሰውም "እሷ እኮ ሰው አትለይም" ይለኛል። ይቺን ሙገሳ ለምጃት ነበር።

ልጄን የዳርኩ ዕለት ነው ነገሩ የሆነው። ዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል።

የእድሩ ድንኳን ግቢውን ሞልቶ፣ እኛ ማድ ቤት እሳት ላይ ነን። ለሙስሊም እንግዶች ሁለት በግ ነበር የታረደው፤ ባሏ ስለሞተ ትልቁ ልጇ ነው ያረደልን። እሷ የሙስሊሙን ገበታ ይዛ ከጠዋት ጀምራ አልተቀመጠችም። ሰው ደግሞ ከጠበቅነው በላይ መጣ። የባሏ የድሮ ደንበኞች፣ የልጄ የትምህርት ቤት ጓደኞች፣ የእነሱም ዘመዶች። አራዳ ሰርግ ሲባል ማን ጠራህ አይባልም። አሥር ሰዓት ገደማ እግሯን እየጎተተች፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ማድ ቤት ገባችና ከግድግዳው ሥር የተገለበጠ የለስላሳ ሳጥን ላይ ቁጭ አለች። የልጄን ሰርግ ሳልበላ ልቀር ነው እንዴ፣ የተረፈ ካለ አቅምሱኝ አለች። "የልጄን" ነው ያለችው። አልተሳሳተችም።

አረንጓዴ ጨርቅ ያለበትን ድስት ስከፍት ታቹ ላይ የያዘ ሽንኩርት ብቻ ቀርቷል። አጠገቡ የእኛ ድስት እስከ አፉ ሙሉ ነው። በርበሬው አንድ፣ ቅቤው አንድ፣ ሽንኩርቱን የከተፈችው ራሷ። የሚለየው ቢላው ሲነሳ የተጠራው ስም ብቻ ነው። ጀርባዋን ሰጥታኝ ጫማዋን እያወለቀች ነበር።

ለምን እንዳደረግኩት አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ለራሴ የተለያየ መልስ ሰጥቻለሁ። ርቧት ነበር፣ ደክሟት ነበር፣ አሳዘነችኝ። ውሸት ነው። "አልቋል" ብሎ መናገር አፈርኩ። በልጄ ሰርግ፣ ልጄን ያዘለችውን ሴት፣ ድግሴ ጎደለብሽ ልበላት? ኩራቴ ነው ያደረገው። ያቺ የአዳም ልጆች የምላት ነገር ደግሞ ልክ እንደ ጥሩ አሽከር ከኋላዬ ደርሳ ምክንያት አቀበለችኝ።

አስተማሪዋ እዚያው ቆማ እንጀራ ታጥፍ ነበር። ከእኛ ድስት በጎድጓዳ ሳህን ቀድቼ ወደ አረንጓዴው ድስት ስገለብጥ አየችኝ። በሳህን የቀዳሁት የጎረቤቴን ጭልፋ ከእኛ ወጥ እንዳላነካካው ብዬ ነው። ሴትዮዋን እያታለልኩ ለጭልፋዋ እጠነቀቃለሁ! አስተማሪዋ ጠጋ ብላ በሹክሹክታ፣

"እትዬ፣ ይኼማ አይሆንም። አልቋል ይበሏት፤ አትክልቱ አለ" አለችኝ።

"አንቺ ደግሞ አታክርሪ። ሁላችንም የአዳም ልጆች አይደለን እንዴ?"

"ለእርስዎ ቀላል ቢሆንም ለእሷ ኃጢአት ነው።"

ዝም በይ አልኳት። ዝም አለች። የያዘችውን እንጀራ ሞሰቡ ላይ አስቀምጣ ወጣች፤ ኬክ እስኪቆረስ ድረስም ማድ ቤት አልተመለሰችም።

እኔ ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ ከዚያው ከአረንጓዴው ድስት በራሷ ጭልፋ አወጣሁላትና ለአንቺማ አስቀምጬልሻለሁ አልኳት። ቢስሚላህ ብላ ጀመረች። ከጎኗ ተቀመጥኩ። ደህና አድርጋ ጠቀለለችና እንደ ልማዷ ልታጎርሰኝ እጇን ወደ አፌ አመጣች። ከዚያ ትዝ ሲላት ደነገጠች፣ ሳቀችም።

"ወይ ጉዴ! የእኛ መሆኑን ረስቼ ላስበላሽ ነበር እኮ። አፉ በይኝ" ብላ ጉርሻውን ወደ ራሷ አፍ መለሰችው።

አፈር ልብላ። ከዚያች ጉርሻ በኋላ ስንት ሰርግ በላሁ፣ ስንት ለቅሶ ደረስኩ፣ ያቺን እጅ ግን እስከ ዛሬ አየዋለሁ። እኔ የእሷን ሕግ አፍርሼ ተቀምጫለሁ፣ እሷ የእኔ ሕግ እንዳይፈርስ ትደነግጣለች። ያን ጊዜ እንኳ ልናገር እችል ነበር። አንድ ጉርሻ ብቻ ነበር የበላችው። ዝም አልኩ፣ ሳህኑንም ጠርጋ በላች፣ አልሐምዱሊላህ አለች፣ ልጄን መረቀች። ከዛሬው ሁሉ ይኼ ጣፈጠኝ አለችኝ ደግሞ።

ከዚያ በኋላ ሆድ ይፍጀው ብዬ ኖርኩ። እሷ ምንም አልተለወጠችም፤ ምን አውቃ ትለወጥ? በዒድ ዶሮዬን አሳርዳ ትጠራኛለች፣ ባሌ ከሞተ በኋላ እንኳ የሚባርክ ክርስቲያን ፈልጋ። የተለወጠችው አስተማሪዋ ናት። ሰላምታዋ አልቀረም፣ አክብሮቷም አልቀነሰም፤ ፈገግታዋ ግን ለእኔ አለቀ። እኔም ስለ መንግሥተ ሰማያት ወንበር መቀለዴን ተውኩ። ግቢው "ምነው ዘንድሮ እርጅና አለሰለሰሽ?" ይለኝ ነበር።

እናም ግቢው ሊፈርስ ሆነ። ሰባታችንም ወደ ተለያየ የኮንዶሚኒየም ሳይት ተመደብን፤ እሷ ከከተማው በአንዱ ጫፍ፣ እኔ በሌላው። ዕቃ በጫንንበት ቀን ሁሉም ሰው ይላቀሳል። አስተማሪዋ የጎረቤቴን አንገት አቅፋ እንባዋን ለቀቀችው፣ ይቅር በይኝ እያለች። ሰው የስንብት ወግ መሰለው። እኔ ግን ስለ ምን ይቅርታ እንደምትለምን አውቃለሁ፤ የእኔን ዝምታ ተሸክማ ነው የኖረችው። ዞር ብዬ ቁም ሳጥን የሚያወርዱትን ሰዎች በከንቱ ስቆጣ ቆየሁ።

ጎረቤቴ በመጨረሻ ወደ እኔ መጣች፣ ያንን ድስት ታቅፋ። እጀታው ላይ አዲስ አረንጓዴ ጨርቅ አስራበታለች።

"ውሰጂው" አለችኝ። "የምትሄጂበትም ሙስሊም ጎረቤት አይጠፋም። አንቺ እጅ ላይ ከሆነ አልሰጋም።"

ምን ልበል? የጭነት መኪናው ጥሩንባ ይነፋል፣ ልጄ "እማዬ ቶሎ በይ" ትላለች። ድስቱን ተቀበልኩ። ሳመችኝ፣ ሳምኳት። ከባድ ድስት ነው፤ መንገዱን ሁሉ ጭኔ ላይ አድርጌ ሄድኩ።

አዲሱ ቤቴ ሦስተኛ ፎቅ ነው። ድስቱን ማድ ቤት መደርደሪያ ላይ ከፍ አድርጌ ሰቀልኩት፣ ጠዋት ተነስቼ ሽሮ ስጥድ እሱ ያየኛል። ፊት ለፊቴ አዲስ የተጋቡ ሙስሊሞች ገቡ። የልጄን ልጅ ክርስትና ልንደግስ ስናስብ ልጄ ወዲያው "የእማ ድስት አለ አይደል፣ የእነሱን በሱ እንሠራለን" አለች። አይሆንም አልኳት። ለምን ስትለኝ ጮኽኩባት። ድግሱን በጾም ምግብ አደረግነው፤ ዘመዶቼ ቆጠበች ብለው አሙኝ። ይሙኝ።

በስተርጅና ነገሩን ለንስሐ አባቴ ወሰድኩት። እውነቱን ለመናገር ቀላል ነው እንዲሉኝ ነው የሄድኩት። ሰውየው ሽማግሌ ናቸው፣ ጆሯቸውም ደከም ብሏል፤ ሴትዮዋ እኮ ከእኛ ወገን አይደለችም፣ የበላችውም የተባረከ ሥጋ ነው ብዬ ጉዳዩን እንደ ጠበቃ አሳመርኩላቸው። ሰምተው ሲያበቁ፣

"ልጄ፣ እሷ በዓቢይ ጾም ሽሮሽ ውስጥ ቅቤ ደብቃ አብልታሽ ኖሮ ዛሬ ብትሰሚ ምን ትያታለሽ?" አሉኝ።

"አባ፣ ዓይኗን አላይም ነበር።"

"እህ። ታዲያ?"

ስግደት ሰጡኝ። ጉልበቴ ታሟል ብዬ ላስቀንስ ስሞክር፣ ስግደቱ የእግዚአብሔር ድርሻ ነው፣ እሱ ጉልበትሽን ያውቃል፤ ሴትዮዋ ጋ ግን በእግርሽ ትሄጃለሽ አሉ። እግዚአብሔር የፈጠረውን ሰው ሁሉ እወዳለሁ ስል የኖርኩ ሴት፣ አንዲቷን ሰው እንኳ እንደ እሷ አድርጌ እንዳልወደድኳት ያን ዕለት ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተቀምጬ ገባኝ። እሷን እንደ እኔ አድርጌ ነበር የወደድኳት። የእሷ ጾምና ሶላት፣ የእሷ ሐላል፣ ለእኔ፣ ልጅ እንደሚጫወትበት ዕቃ ነበር፤ ስፈልግ የማከብረው፣ ሲያቸግረኝ የምገለብጠው።

ደወልኩላት። ረቡዕ ልምጣ ብላት ሳቀችብኝ። ረቡዕማ ትጾሚያለሽ፣ ምን ላበላሽ? ሐሙስ ነይ አለችኝ።

ሐሙስ ድስቱን በፌስታል ይዤ በሦስት ታክሲ ሄድኩ። አራተኛ ፎቅ ናት። በሩን ከፍታ ፌስታሉን ስታይ ቤቱ ጠበበሽ እንዴ ብላ ቀለደች፣ ተቃቀፍን፣ አረጀሽ አረጀሽ ተባባልን። ጠረጴዛው ላይ ምግብ ቀርቧል። ዶሮ ወጥ፣ በአዲስ ድስት። ዶሮዋን የባረካት የታች ጥበቃው ነው፣ የእናንተው ሰው ነው አለችኝ። ለማረጋገጥ ብላ በእነዚያ ጉልበቶቿ አራት ፎቅ ወርዳ አጠገቡ ቆማ ነበር፤ በስመ አብ ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ አለች፣ አታስቢ።

እዚያ ላይ መቀጠል አልቻልኩም። ሳልቀምስ ነገርኳት። ማሳመሪያም ማምለጫም አልጨመርኩበት፤ እንዲህ አደረግኩ፣ ይኼን ገለበጥኩ፣ ይኼን ዋሸሁሽ።

መቁጠሪያዋ እጇ ላይ ነበር፣ አልቆጠረችበትም።

"አስተማሪዋ ታውቃለች?" አለችኝ።

"ታውቃለች። አይሆንም ብላኝ ነበር።"

"ለዚህ ነዋ ያለቀሰችው።"

ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። ቁጣ እጠብቅ ነበር፤ ለቁጣ እኔ መልስ አላጣም፣ ስቆጣና ሲቆጡኝ ነው ያደግኩት። የተቆጣ ፊት አልነበረም። ሰው ቤቱ ገብቶ የነበረ ዕቃ ሲያጣ እንደሚያየው ዓይነት አስተያየት ነው ያየችኝ።

"እኔስ ሳላውቅ ነው፣ አላህ ይቅር ይለኛል" አለች። "ግን ምን ነበረበት ብትነግሪኝ? የልጄ ሰርግ አይደል? ባዶ እንጀራም ቢሆን እበላልሽ ነበር።"

ይቅር በይኝ አልኳት። ይቅር ብያለሁ አለች፣ ሳትዘገይ። ይቅር ማለቷን አልጠረጥርም፤ እሷ የማታደርገውን አትናገርም። ፌስታሉን ሳበችና ድስቱን አወጣች። ያን አረንጓዴ ጨርቅ ቋጠሮውን በጥፍሯ እየፈታች ብዙ ጊዜ ፈጀባት፣ ጠብቆ ነበር። ሲፈታ አጣጥፋ ኪሷ ውስጥ ከተተችው። ድስቱን ፌስታሉ ውስጥ መልሳ ወደ እኔ ገፋ አደረገችው፤ ደህና ድስት ነው፣ ለቤትሽ ይሁንሽ አለችኝ።

"በይ ብዪ፣ በረደብሽ" አለችኝ ደግሞ።

እንጀራውን ዘረጋች፣ ወጡን አወጣች፣ ዕንቁላሉን ጨመረች። ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ውሃ ሲያልቅብኝ ቀዳችልኝ፣ ወጥ ሲያንሰኝ ጨመረችልኝ፤ በእንግዳ ደንብ የጎደለ ነገር አልነበረም። ስለ ልጄ ጠየቀችኝ፣ ስለ ልጄ ልጅ ጠየቀችኝ። እኔ እየበላሁ እጇን እጠብቃለሁ። አርባ ዓመት ሊሞላው ነው፣ ከእሷ ቤት ሳልጎርስ ወጥቼ አላውቅም።

እጇ ጭኗ ላይ ነበር። አላነሳችውም። ጥሩ ዶሮ ነበረች፤ በራሴ እጅ ጨርሼ በላሁ።